ውኃ የገባበት ጫካ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሜምፊስ ተነሥተን የሚሲሲፒን ድልድይ ተሻገርን። መኪናውን የሚነዱት ሽማግሌ እኔ በምሠራበት ነዳጅ ማደያ ቡና የሚገዙ ደንበኛዬ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ «አንድ ቀን ዳክዬ አሳይሃለሁ» ሲሉኝ፣ ለዳክዬ ብሎ እንቅልፉን የሚያጣ ሰው ምን ዓይነት ነው እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር። ዘንድሮ ገና አልፎ ጾሙም ሲፈታ ሰበብ አጣሁ። ከኋላችን ጥቁር ላብራዶር ውሻቸው ያንኮራፋል።

የሄድነው አርካንሳ ውስጥ ወደምትገኘው ስቱትጋርት ነው። ስሙን ያመጡት ከጀርመን የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። ከተማዋ ራሷን «የዓለም የሩዝና የዳክዬ መዲና» ትላለች፤ የዓለም የዳክዬ ጥሪ ውድድር የተጀመረውም እዚያው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ሰው ተሰብስቦ በፊሽካ እንደ ዳክዬ ሲጮኽ ዳኛ ነጥብ ይሰጣል። እኔም ስቄ ነበር፤ ጥሪውን ጫካ ውስጥ እስክሰማው ድረስ።

ወደ ጫካው የሚወስደን ጀልባ ላይ ከመውጣታችን በፊት ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ከሣጥኑ አወጡ። ሁለት አፈሙዝ ከላይና ከታች የተደራረቡባት ቀጭን ረሽ ናት። ባዶነቷን አሳይተው ሲሰጡኝ ቅለቷ አስደነገጠኝ። በልጅነቴ የማውቀው የአጎቴ ረሽ ትከሻ የሚያስለቅስ ነበር። ይህቺ «28» ትባላለች። አንድ ፓውንድ እርሳስ 28 እኩል ድቡልቡል ኳስ ቢሆን፣ የአንዷ ኳስ ውፍረት የአፈሙዟ ስፋት ነው ማለት ነው፤ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ። ብዙው ሰው የሚይዘው 12 ቁጥር ግን 18 ተኩል ይደርሳል። ቁጥሩ ሲያድግ ጠመንጃው ያንሳል።

ብዙ አዳኞች ይህን መሣሪያ ለዳክዬ አይወዱትም፤ ያቆስላል እንጂ አይገድልም ይላሉ። እውነት አላቸው። ጥይቱ የሚይዘው ፍሬ ጥቂት ስለሆነ፣ ርቀት ሲጨምር ፍሬው ይሳሳና ወፏ በመሐል ታልፋለች፣ ወይም አንዱ ነክቷት ሄዳ ትሞታለች። የሽማግሌው መልስ አጭር ነው፦ «25 እርምጃ። ከዚያ በላይ ከሆነች በሰላም ትሂድ።» በጥይታቸው ውስጥ ያለው ቢስመዝ የሚባል ማዕድን ነው። እርሳስ ለውኃ ወፍ አደን በመላ አሜሪካ ከተከለከለ ከእ.ኤ.አ. 1991 ወዲህ ብዙው ሰው ብረት ይተኩሳል። ወፎቹ ለሆዳቸው ጠጠር ሲለቅሙ የወደቀውን እርሳስ አብረው እየዋጡ ይመረዙ ነበርና። ብረት ቀላል ነው፤ ለትንሽ ጠመንጃ ከብድ ያለው ቢስመዝ ይሻላል። ዋጋው ግን አይጣል ነው።

ከዚያ ጫካው። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ትልልቅ የኦክ ዛፎች ከጉልበት በላይ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆመዋል፤ ውኃው ውስጥ ደግሞ ኮከቦቹ አሉ። በክረምታቸው ዛፎቹ ስለሚተኙ ጎርፉ አይጎዳቸውም፤ ውኃው እስከ ጸደይ ከዘገየባቸው ግን ይሞታሉ። ሽማግሌው በባትሪ ያሳዩኝ አንድ ግንድ ቅርፊቱን ጥሎ እንደ አጥንት ነጥቶ ቆሟል። ዳክዬዎቹ የሚመጡት ውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን የኦክ ፍሬ ፍለጋ ነው። እኛ ግንድ ተደግፈን፣ እስከ ደረት በሚደርስ የላስቲክ ሱሪ ቆምን። የእኔ የውሰት ነበር፤ ጫማው ጠቦኝ የደነዘዙት ጣቶቼ ከነጋ በኋላም አልተመለሱም።

ተኩስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ነው። ሽማግሌው ሰዓታቸውን አይተው የዳክዬ ፊሽካቸውን ነፉ፤ በእግራቸውም ውኃውን መቱት፣ ሞገዱ ዳክዬ የሚዋኝበት እንዲመስል። ከላይ እንደሚቀደድ አቡጀዲ ያለ ድምፅ መጣ፤ ክንፍ ነው። መንጋው በዛፎቹ አናት ዞረ፣ ደገመ። በቀላሉ የሚመታ መሰለኝ። እሳቸው ጠመንጃውን አላነሡም። ከሩቅ የሌሎች ተኩስ እንደ ሠርግ ቤት ይንደቀደቃል። በሦስተኛው ዙር ሁለት ወንድ ዳክዬዎች እግራቸውን ዘርግተው፣ በቅርንጫፎቹ መሐል እንደ ቅጠል እየተወዛወዙ ወረዱ። የጭንቅላታቸው አረንጓዴ በዚያ ጠዋት ብርሃን ሐር ነበር። ሁለት ጥይት፣ ሁለት ዳክዬ፤ ውኃው ላይ ሲያርፉ ሞተው ነበር።

ቆይቶ የመጣው ሦስተኛው ግን ክንፉን ተመትቶ ወደቀና ወደ ወደቀ ግንድ ሥር ዋኘ። ሽማግሌው ጠመንጃውን ከፍተው ባዶ አደረጉ፤ ሌላ መንጋ ከላያችን እየዞረ ውሻቸውን ይዘው ፍለጋ ገቡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ውሻው ዳክዬውን ያገኘው ምንቃሩ ብቻ ከውኃ ወጥቶ ነው። ሽማግሌው በአንድ ፈጣን እጅ ጨረሱለት። «30 እርምጃ ነበር፤ የኔ ጥፋት ነው» አሉና ጠመንጃውን ሣጥኑ ውስጥ ከተቱ። ሕጉ ከዚህ ማላርድ ከሚባል ዳክዬ በቀን 4 ይፈቅዳል፤ እሳቸው በሦስት በቃኝ አሉ። እኛ አገር ግዳይ የጣለ ሲፎክር ነው ያደግሁት። እኒህ ሰው ገድለው ዝም ሲሉ ሳይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ያ ዝምታ በለጠብኝ።

ጀልባው ላይ ፈቃዳቸውን አሳዩኝ። ከመካከሉ በብዕር የፈረሙበት የ25 ዶላር የዳክዬ ቴምብር አለ። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1934 የሣለው ዲንግ ዳርሊንግ የጋዜጣ ካርቱን ሠሪ ነበር። ገንዘቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ለወፎቹ ረግረግ መግዣና መጠበቂያ ይሆናል። ወፎቹን ሲበልቱም ዓይነታቸው እንዲለይ ቤት እስኪደርሱ አንድ አንድ ክንፍ ከነላባው ተዉላቸው።

ማታ ደረቱን በቅቤና በሽንኩርት ጠበሱት። በእኛ ቤት ዳክዬ አይበላም፤ ሽታው ግን አስጨነቀኝ፤ ዳቦዬን መረቁ ላይ ላጥቅስ ምንም አልቀረኝ። እሳቸው አልተቀየሙም፤ ሦስቱንም ወፎች ሌላ ሰው ሳይጨምሩ፣ አጥንቱን ሾርባ አድርገው በሳምንት ጨረሷቸው።

ሜምፊስ አካባቢ ያላችሁ፣ የሚጋብዛችሁ ካገኛችሁ ጠመንጃ ባትይዙም ሂዱ። የላስቲክ ሱሪውን ግን ጫማውን አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ተዋሱ።