ምጣድ ስለ መምረጥ

ስንኝ እቋጥራለሁ የሚል ሰው ስለ ምጣድ ለማውራት መነሣቱ ፈገግ ያሰኛችሁ ይሆናል። ይሁን። አበው ግን «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ሲሉ እየቀለዱ አልነበረም። ዱላ ያነሣ እጅ ምጣዱን አይቶ ይመለሳል። በጥቂት ብር ተገዝቶ እንዲህ የሚፈራለት ሌላ ምን የቤት ዕቃ አለ?

እንጀራዬ ባንክ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል ሰው ነኝና ቤት ገብቼም መቁጠሩን አልተውም። ሦስት ነን፤ ባለቤቴ፣ እናቴና እኔ። በቀን 6 እንጀራ ብንበላ በወር 180 ይሆናል። የሱቁ እንጀራ ዋጋው እየከበደ እርሱ ራሱ እየሳሳ ሲሄድ፣ ምጣድ ገዝቶ ቤት መጋገር እንደሚያዋጣ ለመረዳት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ይሁንና ከሒሳቡ ይልቅ የገፋኝ እናቴ ናት። ዓይኗ ከደከመ ሰንብቷል፤ አሁን ብርሃንና ጥላን ከመለየት አያልፍም። ከአገር ቤት መጥታ እኛ ዘንድ ከተቀመጠች ወዲህ የሚያስጨንቃት ግን ዓይኗ አልነበረም። «እጄ ሥራ ፈታ» ነው የምትለው። ጎረቤቶቻችን ማየት የተሳናትን ሴት እሳት ዳር ማስቀመጥ ድፍረት መስሏቸው መክረውኛል። አሳባቸው ይገባኛል። እናቴ ግን የጋገረችው በዓይኗ ብቻ አልነበረም። ምጣዱ መጋሉን ሊጡ ሲያርፍ ከሚያሰማው ድምፅ ታውቃለች፤ እንጀራው መብሰሉን በአክንባሎው ዳር ሾልኮ የሚወጣው እንፋሎት ሽታው ይነግራታል። ለእርሷ የሚያስፈልጋት የማይከዳት ምጣድ ነው፤ ያልተሰነጠቀ፣ ያልጎበጠ፣ ሙቀቱ በአንድ ወገን የማይበረታ።

ስለዚህ ምርጫውን ለእርሷ ተውንላትና ሦስታችንም ቀጨኔ ሄድን። ቀጨኔ በእንጦጦ ግርጌ፣ ሸክላ ሠሪ እናቶች ከጥንት ጀምሮ ጭቃ ሲያቦኩ የኖሩበት ሰፈር ነው። መሽከርከሪያ የላቸውም፤ ሸክላውን በእጃቸው ያበጁታል፣ በድንጋይ ያለሰልሱታል፣ አድርቀው በእሳት ይተኩሱታል። እናቴ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች፤ ምጣዶቹን አንድ በአንድ አቀረቡላት። በጣቷ መገጣጠሚያ ኳ! ኳ! አደረገችው። ጥሩ ምጣድ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል። ሁለተኛውን ስትመታ ድምፁ ታፍኖ ቀረ።

«እህቴ፣ ይቺስ ታማለች» አለች።

ሸክላ ሠሪዋ ምጣዱን አነሡና ጠርዙን ወደ ፀሐይ አዞሩት። እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ታየች። ምንም ሳይናገሩ ከኋላቸው አኖሩት። ከዚያ ወዲያ የሚያቀርቡላትን እየመረጡ ማቅረብ ጀመሩ።

ከድምፁ ቀጥሎ መዳፍ ነው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና (ለምን እንደምትጨፍን አላውቅም) ከመሐል ወደ ዳር በመዳፏ ታሰሰው ጀመር። ትንሽ ጉድጓድ ካለ ሊጥ እዚያ ይይዛል፤ መሐሉ ካበጠ ሊጡ ወደ ዳር ይሸሻል። ውፍረቱም ቀላል ነገር አይደለም። የሳሳ ምጣድ ቶሎ ይግላል፤ ግን ቀዝቃዛ ሊጥ ሲፈስበት ሙቀቱ ወዲያው ይወርድና እንጀራው ዓይን አያወጣም። በጣም የወፈረ ደግሞ እስኪግል መብራት ይፈጃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጋል ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባልና ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ባለ 100 ዋት አምፖል 35 በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ቁጠሩት።

ዋጋውን ስጠይቅ ባለቤቴ ለመከራከር አፏን ከፍታ ነበር፤ እርሷ በመርካቶ ክርክር የምታሸንፍ ሴት ናት። የሸክላ ሠሪዋን እጅ አየችና ዝም አለች። የተባልነውን ከፈልን። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ የሠራችውን እጅ ግን «ቡዳ» ሲሉ የሰማኋቸው ሰዎች ዛሬም አሉ። አዋጁ ስለ ስድቡ እንጂ ስለ ዋጋው ያለው ነገር የለም፤ ዋጋው ለገበያ ተትቷል። ገበያውም እነሆ፣ በሸክላው ላይ እየቆነጠረ ለቆርቆሮው ቀለም በልግስና ይከፍላል።

ለገዢ የምመክረው ይህንን ብቻ ነው። ተገጣጥሞ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በመስታወት በኩል የሚያብለጨልጨውን ምጣድ ስታዩ ክዳኑን ከፍታችሁ ሸክላውን ምቱት። ባለሱቁ ከተቆጣ ሌላ ሱቅ አለ። እኛ ሸክላውን ለብቻው ገዛን፤ ከሥሩ የሽቦው ቦይ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ዙሪያውን የተሳለበት ነው። ሽቦውን አንድ የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘርግቶ ጀሶ ደፈነበት፤ የቆርቆሮ ገላው ያገለገለ ነው። ውበት የለውም። ሽቦው ሲበጠስ ሸክላው አብሮ አይጣልም፤ ሽቦው ብቻ ይቀየራል።

ከዚያ ማሟሸት መጣ። አዲስ ምጣድ ሊጥ ይጠጣል። በዝግታ ይሞቃል፤ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፤ በማሰሻ እየታሰሰ ቅባቱ ቀዳዳውን ሁሉ እስኪደፍንና ጠቁሮ እስኪወዛ ድረስ ይደጋገማል። ቻይናዎች ዎክ የሚሉትን ጎድጓዳ የብረት መጥበሻም የሚያለምዱት በዚሁ መንገድ ነው፤ ቅባቱ በሙቀት ደርቆ እንደ ቀጭን ቆዳ ብረቱን ይለብሰዋል። ጭቃና ብረት፣ እንጦጦና ቻይና፣ በዘይት ጠባይ ይገናኛሉ። ይህን ለእናቴ ብነግራት «ታዲያ እነሱስ ሰው አይደሉ?» አለችኝ።

ሦስት ቀን አሟሸችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ ባለቤቴ ማብሪያና ማጥፊያው ዘንድ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተቆራረጡ፤ ሦስተኛው ግማሹ ወጣ። አራተኛው በሰፌዱ ላይ ሙሉ ሆኖ አረፈ። እናቴ እስኪበርድ ጠብቃ በጣቶቿ ጫፍ ዓይኖቹን ዳሰሰች፤ ከመሐል ጀምራ፣ ዞራ ዞራ፣ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ዳሩ ገና ነው፤ ጎመን ዘር አምጣ» አለች።

አልቆ ነበር። ወደ ሱቅ ወረድኩ።