የበርሊን ጩኸት በሰቆጣ

ከላሊበላ ተነሥቶ በቢልባላ በኩል ወደ ሰቆጣ የሚወስደውን መንገድ አይተውት እንደ ሆነ፥ መኪናው ገደል ለገደል ሲንገታገት ተሳፋሪው ሁሉ ዝም እንደሚል ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር በዚያ ስሄድ፥ ከጐኔ የተቀመጠ አንድ የሰቆጣ ልጅ፥ ተማሪዬ የነበረ፥ የስልኩን ማዳመጫ አንዱን ወገን ሰጠኝ። ጆሮዬን ሊበጥሰው ምንም አልቀረው!

«ምንድር ነው ይኸ?» ብለው፥ «የጀርመኖች ነው መምህር፤ መንግሥትን የሚቃወሙ ናቸው» አለኝ።

ቡድኑ አታሪ ቲንኤጅ ራየት ይባላል፤ የአታሪ ጐረምሶች ሁከት እንደ ማለት ነው። በ1992 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሌክ ኢምፓየር፥ ሃኒን ኤልያስና ካርል ክራክ በበርሊን አቋቋሙት። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ወዲህ የናዚ ናፋቂዎች ስደተኛ ማሳደድ ይዘው ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ፥ በሮስቶክ ከተማ ቬትናማውያን የሚኖሩበትን ሕንፃ በእሳት ሲያያይዙት፥ ቆሞ የሚያይ ሕዝብ ያጨበጭብላቸው ነበር። የእነዚህ ወጣቶች መልስ ጩኸት ሆነ። አታሪ በሚባል ኮምፒዩተር የከበሮውን ምት እጅግ አፈጠኑት፤ ፓንክ የሚባለውን የጊታር ሁካታ አከሉበት፤ በላዩም መፈክር ጮኹበት። ለጆሮ አይጥምም፤ እንዲጥምም አልፈለጉም። በ1999 በሜይ ዴይ ሰልፍ በጭነት መኪና ላይ ሆነው ሲጫወቱ፥ ሰልፈኛውና ፖሊስ ተጋጨ፥ እነርሱም ተያዙ።

ለዋግ ምድር ግን የፖለቲካ ድምፅ እንግዳ አይደለም። ጥንት ዋግሹሞች በነጋሪት ይከበሩ ነበር፤ ከእነርሱም ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በኅዳር 1973 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕዴን የተባለው ታጣቂ ድርጅት በዚሁ በዋግ ተመሠረተ። ታጋዮቹም ደርግን እያወገዙ ይዘፍኑ ነበር። ደርግ በ1983 ወደቀ፤ ኢሕዴንም ብአዴን ተብሎ የአማራን ክልል አስተዳደረ። የበረሃው ዘፈን ከዚያ ወዲያ የበዓል ዘፈን ሆነ፤ ኅዳር በመጣ ቍጥር በድምፅ ማጉያ ባለሥልጣን በተቀመጠበት ይሰማ ነበር። እኔም በልጅነቴ ከተማሪዎች ጋራ ተሰልፌ አጨብጭቤበታለሁ፤ ዜማው ያምራልና። ማንን ያወግዝ እንደ ነበር ግን የነገረኝ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. ድርጅቱ ከነስሙ በብልጽግና ፓርቲ ውስጥ ቀለጠ፤ ዘፈኑም ባለቤት አጣ።

ሰቆጣ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ተማሪው ወደ ቤቱ ወሰደኝ፤ ነጭ የዋግ ማር ቀረበልን። አያቱ የ1977ቱን ረኀብም የ2013ቱንም ጦርነት በዚያው ቤት ያሳለፉ ናቸው። ልጁ ማዳመጫውን በጆሮአቸው አኖረላቸው። እኔ አፍሬ ወደ መሬት አየሁ።

«ይኸ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

«ሰው በቤቱ እንዳለ የሚያቃጥሉትን እየተቃወመ ነው፥ አባባ።»

«ኋላ ሾሙት?»

«የለም፤ አሰሩት እንጂ።»

ሽማግሌው ከጐናቸው ለተቀመጡት ሴት በኽምጣንጋ አንድ ነገር ተናገሩና ሁለቱም ሣቁ። ተማሪው ሊተረጕምልኝ አልወደደም። ከዚያም አያቱ ከጆሮአቸው የወደቀውን ማዳመጫ በጋቢያቸው ጫፍ ጠራርገው መልሰው ሰኩትና፥

«እስቲ ድገመው፥ ልጄ» አሉ።