ከዋንዛ የጠረብናት አይሮፕላን

ባለፈው ክረምት፥ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የሸቤ ዝናብ ሌትና ቀን በሚወርድበት በሐምሌ ወር፥ የ13 ዓመት ልጃችን አንድ ልመና አቀረበልን። ይኸውም «አያቴ በወጣትነታቸው ያገለገሉባትን ተዋጊ አይሮፕላን በእንጨት አሳንሰን እንሥራ» የሚል ነበር። እኛም በመጀመሪያ ነገሩን አልወደድነውም። በዲቁና አድገን ኋላ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ሒሳብ ለማስተማር የበቃን እንደ መሆናችን፥ የጦር መሣሪያ አምሳል በቤት ውስጥ ማኖር ለልጅ ምን ይበጃል ብለን አመነታን። ነገር ግን ልጅ በእጁ ሊሠራ የተመኘውን ከመከልከል ይልቅ አብሮ ሠርቶ ማስተማር እንደሚሻል አስበን ተስማማን። ዛሬ ይህን ለአንባብያን የምንጽፈው በአይሮፕላኒቱ ማማር ለመመካት አይደለም፤ እርስዋን ስንሠራ ከአባታችን አፍ ስለ ወጣው ነገር ነው እንጂ።

አባታችን በ1969 ዓ.ም. በአየር ኃይል ውስጥ የመሣሪያ ክፍል ባለሙያ ነበሩ። አብራሪ አልነበሩም፤ ሥራቸው በምድር ላይ ሆኖ ጥይት መደርደር፥ መሣሪያ መጫን፥ ከበረራም በኋላ አፈ ሙዙን መወልወል ነበር። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት በተበተነ ጊዜ ወደ እናታችን አገር ወደ ሸቤ መጥተው የቡና ገበሬ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጦርነቱ የጠየቃቸው ሁሉ የሚያገኘው መልስ «አለፈ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ሌላም ልማድ ነበራቸው። እሑድ እሑድ ከሁላችን ቀድመው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳሉ፤ ነገር ግን በቅጽሩ በር አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቁም። እኛም በቅኔ ማኅሌት ቆመን ስንዘምር እርሳቸውን በበሩ ማየት ስለ ለመድን፥ ምክንያቱን ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ልጃችን የመረጣት አይሮፕላን ኤፍ 5 ኢ የምትባለው ናት። ኖርዝሮፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራት ይህች ቀጭን ተዋጊ አንድ አብራሪ ብቻ ትይዛለች፤ ሁለት የጄት ሞተር፥ በአፍንጫዋ ላይ ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች አሏት፤ በሁለቱ ክንፎቿ ጫፍ ደግሞ አንዳንድ ሚሳይል ትሸከማለች። አገራችን የቀደመውን ዓይነት፥ ኤፍ 5 ኤን፥ የያዘችው ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሆን፥ ይህች የኋለኛይቱ ግን የደረሰችው ጦርነቱ ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው ነበር። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወሰን አልፎ ኦጋዴን በገባ ጊዜ፥ በሐረርጌ ሰማይ ላይ በሶቪየት ኅብረት የተሠሩትን ሚግ 21 አይሮፕላኖች የገጠሙት እነዚህ ነበሩ። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ተይዛ በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ እስክትመለስ ድረስ፥ ሐረርና ድሬዳዋ ሳይወድቁ እንዲቆዩ አየር ኃይሉ ያደረገው ተጋድሎ ታላቅ ነው። ከአብራሪዎቹም አንዱ ጄኔራል ለገሠ ተፈራ፥ አይሮፕላናቸው ተመትታ ከወደቀች በኋላ ተማርከው 11 ዓመት ያህል በሶማሊያ እስር ቤት ኖረው ለአገራቸው በቅተዋል። የዚያ ዘመን ድል በነጻ የተገኘ አለመሆኑን ለልጃችን ያስረዳነው በእኒህ ሰው ታሪክ ነበር።

የሥራው መጀመሪያ ልኬት ነው። እውነተኛዪቱ አይሮፕላን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 8 ሜትር ከ13 ሳንቲ ሜትር ስትሆን፥ ርዝመቷ 14 ሜትር ተኩል ያህል ነው። እኛ 1 ለ48 በሆነ ንጥጥር ልንሠራት ስለ ወሰንን፥ ክንፏ 17 ሳንቲ ሜትር፥ ርዝመቷ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ። ልጃችንም 2 ሚሊ ሜትር ብንሳሳት በእውነተኛዪቱ ላይ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ስሕተት እንደሚሆን በራሱ አስልቶ ሲደርስበት እጅግ ተደነቀ። በክፍል ውስጥ በአንድ ወር የማይገባው ትምህርት በአንድ ማታ ገባው።

እንጨቱን የሰጡን የእስልምና እምነት ተከታይ የሆኑት አናጢ ጎረቤታችን ናቸው። በቡናቸው ውስጥ ለጥላ ከቆሙት ዋንዛዎች አንዱን ነፋስ ገንጥሎት ኖሮ፥ ከሁለት ዓመት በፊት ሰንጥቀው በጣራ ሥር ያደረቁትን ቁራጭ አውጥተው፥ «እርጥብ እንጨት ዛሬ ይታዘዛል፥ ነገ ግን ይሰነጠቃል» ብለው ለልጁ አስረከቡት። የአካሏን ቅርጽ ከካርቶን ቆርጠን በእንጨቱ ላይ አስቀምጠን በእርሳስ ከበብነው። ከዚያም በመጋዝ አሳጥረን፥ ቃጫውን እየተከተልን በቢላዋ ጠረብነው። ክንፎቹን ለየብቻ ሠርተን በኮላ ካጣበቅን በኋላ፥ የመጋጠሚያውን ክፍተት ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሰን ደፈንነው። በብርጭቆ ወረቀት መፈተጉ ብቻ አራት ቀን ወሰደ። የአብራሪውን መስተዋት የሠራነው ከሃይላንድ ነው። በመጀመሪያ ቅርጹን ከእንጨት ቀርጸን በፕላስቲኩ ጠርሙስ ውስጥ አስገባነው፤ ጠርሙሱንም በከሰል ፍም አጠገብ ብናሞቀው ተኰማትሮ በእንጨቱ ላይ ተለበጠ፤ ያን ጊዜ ቆርጠን አወጣነው። በአፍንጫዋ ጫፍ ያለችው ቀጭን ዘንግ የእናቱ መርፌ ናት።

ቀለሙን በተመለከተ ግን መምህራችን ሌላ ነበሩ። በልጅነታችን አንድ አረጋዊ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሲሠሩ ቆመን እንመለከት ነበር። እርሳቸው አስቀድመው ሸራውን በነጭ ያለብሳሉ፤ ቀጥለው ሰፋፊውን ቀለም ይጥላሉ፤ ዓይንን የሚሥሉት በመጨረሻ ነው። አንዱ ሳይደርቅም ሌላውን አይደርቡም። እኛም እንዲሁ አደረግን። ነጩን መደብ ካስቀደምን በኋላ፥ ሆዷን ከምድር ሆኖ ለሚያያት ከሰማይ ጋር እንድትመሳሰል ፈዛዛ ግራጫ፥ ጀርባዋን ደግሞ ከላይ ለሚያያት ከምድር ጋር እንድትመሳሰል አፈር መሰልና ቅጠል መሰል ቀለም ቀባነው። ልጃችን ቸኩሎ አንድ ማታ በእርጥቡ ቀለም ላይ ሌላ ቢደርብበት ጀርባዋ ሁሉ ተሸበሸበ፤ ያንን ፍቆ እንደ ገና ሲጀምር የትዕግሥትን ትምህርት ከኛ ምክር ይልቅ ከብሩሹ ተማረ። በመጨረሻም አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ ያለበትን ክብ ምልክት ሣልንባት።

በዚህን ጊዜ ሁሉ አባታችን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው በዝምታ ይመለከቱ ነበር። አንድ ቀን ከቡናው ስንመለስ ልጃችን ከመስተዋቷ በታች አንዲት ሰማያዊ አራት ማዕዘን፥ በመካከሏም ነጭ ኮከብ ሥሎ አገኘነው። ይኸውም በጦርነት ጊዜ አብራሪዎች የጣሉትን የጠላት አይሮፕላን ቁጥር በአይሮፕላናቸው ላይ የማመልከት ልማድ እንዳላቸው ከስልክ ላይ አንብቦ ኖሮ ነው። «አባባ፥ ስንት ልጨምር?» ብሎ አያቱን ጠየቀ። አባታችንም ብድግ ብለው አይሮፕላኒቱን ከእጁ ተቀበሉና ብዙ ሰዓት ተመለከቷት። ከዚያም እስከ ዚያች ቀን ድረስ ሆድ ይፍጀው ብለው የያዙትን ነገር ተናገሩ።

«ድሬዳዋ ነበርን» አሉ። «ጠዋት ጠዋት ጥይቱን በእጄ እጭናለሁ፤ ሲነሡ እቆጥራለሁ፤ ሲመለሱ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን አንዱ አብራሪ ጥሎ ተመለሰ። ሁላችን ሮጠን በትከሻችን ተሸከምነው፤ እኔም አጨበጨብሁ፤ እልልም አልሁ። እርሱ ግን ዝም ብሎ ነበር። ውሃ ለምኖ ከጠጣ በኋላ “ጃንጥላው ሲከፈት አላየሁም” አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም።»

ልጃችን ዝም አለ። አባታችንም ቀጠሉ፦ «ሠዓሊዎቹ ክፉውን ሰው በአንድ ዓይን፥ ጻድቁን በሁለት ዓይን ይሥሉ የለምን? በዚያ ቀን ያንን ሰው እኔም በአንድ ዓይን ነበር የሣልሁት። ሌሊት ግን ሁለት ዓይን ይዞ መጣብኝ። እስከ ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣል።»

እኛም የተማርነውን ሁሉ አሰባስበን ልናጽናናቸው ሞከርን። አገር ተወርሮ እንደ ነበረ፥ ወሰንን መከላከልም ግዴታ እንደ ሆነ፥ እርሳቸውም የታዘዙትን እንደ ፈጸሙ አስረዳን። አባታችን ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፥ ይህን እኔም አውቀዋለሁ። በመሄዴ አልተጸጸትሁም፤ ያ ቀን ቢመለስ ዳግመኛ እሄዳለሁ። ጥይቱንም ስለ መጫኔ አይደለም የምልህ። ሰው ሲሞት ማጨብጨቤ ነው። በዚያ እጅ እንዴት ወደ ውስጥ ልግባ?»

ያን ጊዜ የበሩ ዛፍ ትዝ አለን። ስንት ዓመት ሙሉ ከዜማችን ባሻገር በዚያ ቆመው ሲያስቀድሱ፥ እኛ ድጓ የቆጠርን፥ ሰዎችን የምናስተምር፥ አንድ ጊዜ እንኳ «ስለ ምን?» አላልናቸውም። አፍረን ዝም አልን። ኋላም፥ ይህ በእኛ አንደበት የሚፈታ ነገር አለመሆኑን፥ ሸክሙን ሊቀበሉ የተሾሙ የንስሐ አባት እንዳሉ ብቻ ነገርናቸው። እርሳቸውም አልመለሱልንም፤ አይሮፕላኒቱን ለልጁ መልሰው ወደ መኝታቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ልጃችን ማንም ሳያዘው ብርጭቆ ወረቀት ወስዶ ያችን ሰማያዊ ምልክት ፋቃት። ሥፍራዋን በቀለም እንዲሸፍን ብንነግረው «እንዲህ ይቅር» አለ፤ እኛም አልተከራከርነውም። በዚያው ሳምንት አባታችን ጭቃውን እየረገጡ በበትር ተደግፈው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። በመካከላቸው የተነጋገሩትን እኛ አናውቅም፤ ልናውቀውም አይገባንም። የምናውቀው ይህን ነው፤ የፍልሰታ ጾም በተፈታበት በነሐሴ 16 ቀን፥ ቅኔ ማኅሌት ቆመን ሳለ በአጠገባችን የበትር ድምፅ ሰማን። ዘወር ብንል አባታችን ነበሩ። በበሩ ዛፍ ሥር ማንም አልነበረም።

አንባብያን ሆይ፥ በየቤታችን «አለፈ» የሚል ቃል ብቻ የሚመልሱልን አባቶችና እናቶች ሞልተዋል። የዝምታቸውን ምክንያት እድሜ ነው፥ ጠባይ ነው እያልን ማለፉ ይቀልለናል። እኛ ግን በአንድ ክረምት የተማርነው፥ ፊት ለፊት ተጠይቀው የማይመልሱትን፥ አብረዋቸው ተቀምጠው እጅን ሥራ ላይ ሲያውሉ ሊናገሩት እንደሚችሉ ነው። ሥራው ዋንዛ መጥረብ ይሁን፥ ቡና መልቀም ይሁን፥ ስፌት ይሁን፥ ልዩነት የለውም።

አይሮፕላኒቱ ዛሬ ከመጻሕፍታችን መደርደሪያ በላይ ተቀምጣለች። እንግዳ ሲመጣ ልጃችን አውርዶ ያሳያል፤ ልኬቷን፥ ሞተሮቿን፥ የመርፌዋን ነገር ሁሉ ይተርካል። ከመስተዋቷ በታች ስላለችው የተፋቀች ሥፍራ የሚጠይቀው ሲኖር ግን ወደ አያቱ ዘወር ብሎ ይመለከታል፤ እርሳቸውም ደስ ባላቸው ቀን ይናገራሉ።