የዘይት ፊልትሮና የቤታችን ገቢ

የመኪና ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን እህቶች «እሱ የወንዶች ጉዳይ ነው» ብለን ወደ ጓዳ እንገባለን። በእኛ ቤት ግን ወጪና ገቢ የሚጻፍበት ደብተር በእኔ እጅ ስለሆነ፣ ስለ መኪናውም ማወቅ የግድ ሆነብኝ። የምንኖረው በሺንሺቾ ከተማ ነው። ባለቤቴ በተለምዶ «አባዱላ» የምንለውን የቶዮታ ሚኒባስ ወደ ዱራሜ፣ አንዳንዴም ወደ ሆሳዕና ያሽከረክራል። የልጆቹ ዩኒፎርም፣ የእናቴ መድኃኒት፣ ገና ተከፍሎ ያላለቀው የመኪናው ዕዳ ሁሉ የሚሸፈነው ከዚሁ ሚኒባስ ነው።

ባለፈው በጋ ከአንድ ሱቅ «ኦርጂናል ነው» ተብሎ የተሸጠልን የዘይት ፊልትሮ ተገጠመለት። በሦስተኛው ሳምንት፣ ተሳፋሪ ጭኖ ከዱራሜ ሲመለስ፣ ቀዩ የዘይት መብራት በራ። የልጆቼ አባት ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ የፊልትሮው ጎማ ከቦታው ተገፍቶ ወጥቷል፤ ዘይቱ በመንገዱ ላይ እየፈሰሰ መጥቷል። ሞተሩ ተረፈ፤ ተሳፋሪው ግን ገንዘቡ ተመልሶለት በሌላ መኪና ተሸኘ፤ እኛም የሁለት ቀን ገቢ ቀረብን። «እንደ ምንም እስከ ቤት ልድረስ» ብሎ ቢነዳው ኖሮ ሞተሩ ነክሶ የዓመቱን የትምህርት ቤት ወጪ ይዞብን በሄደ ነበር።

መካኒካችን በዕድሜ የገፉ፣ ነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የፈተሹት የቀድሞው ፊልትሮ ጎማ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ላይ ተደርቦ እንደ ሆነ ነበር፤ አልተደረበም። ከዚያ በኋላ ፊልትሮውን በብረት መጋዝ ከፍተው፣ ከዚያ በፊት ከወጣው ደህና ፊልትሮ ጎን አስቀመጡትና፣ «ነይ እስቲ ልጄ፣ ገንዘቡን የምትይዢው አንቺ ነሽና እዪው» አሉኝ። የደህናው ወረቀት ጥቅጥቅ ብሎና እኩል ታጥፎ ተደርድሯል። የሌላው እጥፋት ሳሳ ያለ፣ አንዳንዱ ከሙጫው የተላቀቀ ነው። ውስጡ ሊኖር የሚገባው የጎማ መክደኛም ጨርሶ የለም። ከውጭ ሲታዩ ግን ሁለቱ መንታ ይመስሉ ነበር።

ነገሩን ለእኛ ለሴቶች በሚገባን ቋንቋ ላስረዳ። ዘይት በሞተሩ ውስጥ ሲዞር ጥላሸትና የብረት ብናኝ ይዞ ይመጣል፤ ፊልትሮው ይህን የሚይዝ ወንፊት ነው። ወንፊት ሲደፈን ዱቄቱ እንደማይወርድ ሁሉ፣ ፊልትሮም ሲደፈን ዘይት አያሳልፍም። ሞተር ያለ ዘይት ከሚቀር ያልተጣራ ዘይት ቢያገኝ ይሻለዋልና፣ ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ የሚሄድበት ማለፊያ ይበጅለታል። ይህ ማለፊያ ከላላ ግን ዘይቱ ዘወትር ሳይጣራ ያልፋል። የጎማው መክደኛ ደግሞ መኪናው ሲቆም ዘይቱ ከፊልትሮው ወደ ታች እንዳይመለስ ይይዛል። እርሱ ከሌለ ጠዋት ሲነሣ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች ያለ በቂ ዘይት ይንኳኳል። የዘይት ማጣሪያ በመኪና ላይ መግባት የጀመረው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አሜሪካዊው ኧርነስት ስዊትላንድ «ፒዩሮሌተር» የተባለውን የሠራው በ1923 ነው። ከዚያ በፊት ባለ መኪና ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ከመድፋት በቀር ምርጫ አልነበረውም።

«ታዲያ የትኛው ማርክ ይሻላል?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የመኪናው ፋብሪካ በራሱ ስም የሚያወጣው አለ፤ የጀርመኖቹ ማን፣ ማህሌና ቦሽ፣ የጃፓኑ ዴንሶ፣ የኢንዶኔዥያው ሳኩራም የታወቁ ናቸው። በበኩሌ ከእነዚህ መካከል አንዱን ከሌላው አላበላልጥም። ዋናው ችግር፣ ስሙ በገነነ መጠን አስመሳዩም የሚበዛበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ከማርኩ አስቀድሜ የምጠይቀው ቁጥሩን ነው። የብዙዎቹ የቶዮታ ዘይት ፊልትሮዎች ቁጥር በ90915 ይጀምራል፤ የቀረው ክፍል ከሞተሩ ዓይነት ጋር መስማማት አለበት። ጥርሱ ገባ ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም። «ታይላንድ የተሠራ ነውና ፌክ ነው» የሚሉም አሉ፤ እውነተኛው የቶዮታ ፊልትሮ በታይላንድም ስለሚመረት ይህ ብቻውን ምልክት አይሆንም። ይልቅስ ጽሕፈቱ የደበዘዘ፣ ቀለሙ በጥፍር የሚነሣ፣ የሣጥኑና የፊልትሮው ቁጥር የማይመሳሰል፣ ጎማው ደረቅ የሆነውን አልቀበልም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ደረሰኝ ነው። ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ መስጠት እንዳለበት የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደንግጓል። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልሽ፣ እትዬ» የሚለኝ ልጅ ሲያጋጥመኝ አመስግኜ እወጣለሁ፤ ዕቃው ቢበላሽ በምን ይዤው እመለሳለሁ? ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በሰው የምናስመጣ ከሆነም አሮጌውን ፊልትሮ ወይም የቁጥሩን ፎቶግራፍ እልካለሁ እንጂ «የአባዱላ ፊልትሮ» ብዬ በአፍ አላዝዝም።

ሲገጠም ጎማው በአዲስ ዘይት ይታበሳል፤ በእጅ ይጠብቃል፤ መቀመጫውን ከነካ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ይበቃዋል፤ ትክክለኛው ልክ በሣጥኑ ላይ ይጻፋል። በመፍቻ የሚያጠብቁ አሉ፤ ጎማውን ይጎዳል፣ ለሚቀጥለው ጊዜም መፍታቱ መከራ ነው። ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ ፍሳሽ መኖር አለመኖሩ ይታያል፤ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላም የዘይቱ ልክ እንደ ገና ይለካል። በበጋው አቧራ እየተመላለሰ ሰው ለሚጭን መኪና ደግሞ መጽሐፉ ለከባድ ሥራ ብሎ የለየው አጠር ያለ የመቀየሪያ ኪሎ ሜትር አለ፤ እኛ የምንከተለው እርሱን ነው። የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር ከደረሰኙ ጋር በደብተሬ እጽፋለሁ።

የተቃጠለውን ዘይት በተመለከተ ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ተጨቃጭቀናል። እርሱ አጥር ሥር ይደፋው ነበር፤ እኔ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ እንሰት አለኝ። አሁን በጀሪካን ተጠራቅሞ ወደ ጋራዡ ይመለሳል።