የገባ ሁሉ አይገጥምም

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወጣት ፒክአፕ እጁ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ምን ይመስላችኋል? ዘይት መቀየር? ፍሬን ማስፈተሽ? ኧረ ወዲያ! ጎማ ማስፋት ነው። ሞተሩ ቢያጨስ፣ በሩ በገመድ ታስሮ ቢሄድ ግድ የለም፤ ጎማው ግን ከፓራፋንጎው ወጣ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ መታየት አለበት። ካላመናችሁኝ ቦሌ መንገድ ዳር ተቀምጣችሁ አንድ ማኪያቶ እስክትጨርሱ ቁጠሩ።

ይኼን የምለው ለማፌዝ አይደለም። (እሺ፣ ትንሽ ለማፌዝም ነው።) ዋናው ምክንያት ግን ነገሩ ሰሞኑን ቤታችን ስለገባ ነው። አባዬ ሲያርፍ ትቶልን ከሄደው ንብረት ትልቁ አንድ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ2008 ሞዴል። ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ ከከረመ በኋላ መሪውን ጨበጠ። ከአድአ ገጠር ጤፍ፣ ሲገኝም ከመቂ ሽንኩርት እየጫነ አዲስ አበባ ያደርሳል። የእኔ ደመወዝ ከቤት ኪራይ አያልፍም። የእማዬ የስኳር መድኃኒት፣ የቤቱ አስቤዛ፣ የትንሿ እህታችን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሁሉም በዚያች መኪና አራት ጎማ ላይ ነው የቆመው።

እናላችሁ፣ ወንድሜ ዕቁብ ወጣለት። በዚያው ሳምንት «አብረሽኝ ሶማሌ ተራ እንሂድ» አለኝ። እኔን የመረጠበት ምክንያት አለው፤ ሦስት ዓመት ከመለዋወጫ አስመጪ ቤት ሒሳብ ሠርቻለሁ፣ የጎማና የቸርኬ ካታሎግ ከልብ ወለድ በላይ አንብቤያለሁ። የፈለገው 265/70/16 ጎማና ወደ ውጭ የሚወጣ ባለ 8 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬ ነው። «ለምን?» አልኩት። ስለ ጭቃ፣ ስለ አያያዝ፣ ስለ መረጋጋት ብዙ ከተናገረ በኋላ እውነተኛው መጣ፦ «ከክፍል ጓደኞቼ ግማሹ ባንክ ነው ያለው። እኔን ሰው የሚያየኝ እንደ ጤፍ ጫኝ ነው።»

ዝም አልኩ። ለሱ ጎማው ጎማ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለን ሰው «አትቅበጥ» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ግን ልክ አይደለም። አምሮ መታየት መብቱ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ አምሮ መታየቱ ጤፉንም እናቱንም ሳይጥል ይሆናል ወይ?

እስቲ ከቁጥሩ እንጀምር። ጎማ ጎን ላይ የተጻፈው የሎተሪ ቁጥር አይደለም። 265 የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 70 ማለት የጎኑ ቁመት የወርዱ 70 በመቶ ነው። 16 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። የእኛዋ መኪና የነበራት 205/16 ነው። መሐል ላይ መቶኛ ያልተጻፈበት እንዲህ ያለ ጎማ የጎኑ ቁመት የወርዱ 82 በመቶ ገደማ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለውን ማስሊያ አውጡና አባዙ፤ የእኛ ጎማ ከአናት እስከ መሬት 743 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ወንድሜ የፈለገው ደግሞ 777 ይመጣል። «አሰፋሁ» ሲል አስረዝሟልም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይጠበስ? ነገሩ ወዲህ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው፤ ጎማው ምን ያህል እንደረዘመ አያውቅም። ስለዚህ ቀድሞ ልክ ይቆጥር የነበረ ቆጣሪ 100 ሲል እናንተ 105 ገደማ እየበረራችሁ ነው። በአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ 115 አየሁ ብላችሁ ስትዝናኑ 120 አልፋችኋል። የረዘመ ጎማ የማርሹንም ጉልበት ይቀንሳል፤ ባዶ ሲነዳ አይታወቅም፣ ስምንት ኩንታል ጤፍ ተጭኖ ዳገት ሲመጣ ይታወቃል። መሪ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ወይም ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ጎማው ፓራፋንጎውን ይልሳል። ሰፊና ከባድ በመሆኑ ናፍጣ መጠጣቱንም ጨምሩበት።

«ጭቃ ላይስ?» ትሉ ይሆናል። ወንድሜም ብሏል። ሰፊ ጎማ ጭቃ ላይ ሁልጊዜ ይሻላል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ከጭቃው ሥር ጠንካራ መሬት ካለ ጠባቡ ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ይወርድና ጠንካራውን ይረግጣል፤ ሰፊው ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ጥልቅ ጭቃና አሸዋ ላይ ሰፊው መንሳፈፉ ይጠቅመዋል፤ አሸዋ ላይ ግን ከወርዱ ይልቅ ነፋሱን ቀንሶ መንዳት ነው ትልቁን ሥራ የሚሠራው። የአድአ ዋልካ ደግሞ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ እንደ ጭቃ ዳቦ ሲያደርገው የወርዱ ቁጥር ምንም አያድንም፤ የጥርሱ ጥልቀትና ጭቃ የመትፋት ችሎታው ነው የሚያድነው። በክረምት አስፋልት ላይማ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጥርሱ ያለቀ ሰፊ ጎማ ውኃ ላይ ለመንሳፈፍ ከጠባቡ ይፈጥናል።

አሁን ወደ ቸርኬው እንምጣ፤ ዋናው ጉድ ያለው እዚህ ነው። ሶማሌ ተራ ስንደርስ ሻጩ የወንድሜን ዓይን አይቶ ገና ሳንጠይቀው ምርጫውን አውቆታል። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሱ ለወንድሜ ይመልሳል።

«የመሐል ቀዳዳው ስንት ነው?» አልኩ።

«ወንድሜ፣ ስድስት ቀዳዳ ነው። ለሁሉም ይገባል!» አለው።

ይገባል። ይቺ ቃል ናት የብዙ ሰው ገንዘብ የበላችው። አማርኛችን «ገባ» እና «ገጠመ» ብሎ የለየው በከንቱ አይደለም። ስድስት ቀዳዳ መሆኑ ብቻውን ምንም አይናገርም። የሃይሉክስ ስድስት ብሎኖች የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትሩ 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። የሚትሱቢሺ ኤል200ም 139.7 ነው። የኒሳን ናቫራ ዲ40 ግን ስድስት ሆኖ 114.3 ነው፤ አይገባም፣ እዚያው ታውቁታላችሁ። የማይገባው ደግ ነው፤ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ እንጂ መንገድ ላይ አይጥላችሁም። አስቸጋሪው ገብቶ የማይገጥመው ነው።

የመሐል ቀዳዳውን ለምን እንደጠየቅኩ ልንገራችሁ። ቸርኬው መሐል ያለው ትልቁ ቀዳዳ የመኪናው ሞዞ ላይ ልክክ ብሎ ሲቀመጥ ነው ጎማው መሐሉን ጠብቆ የሚዞረው። የሃይሉክስ ሞዞ 106.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኤል200 ደግሞ 67.1። የኤል200 ቸርኬ ሃይሉክስ ላይ ጨርሶ አይቀመጥም። የሃይሉክስ ቸርኬ ኤል200 ላይ ግን ይገባል፣ ዳዶውም ይጠብቃል፤ መሐሉ ግን ባዶ ነው። ብዙ የገበያ ቸርኬዎችም ለብዙ መኪና እንዲሆኑ ተብሎ መሐላቸው ሰፋ ተደርጎ ነው የሚሠሩት። እንዲህ ሲሆን ክፍተቱን የሚሞላ በልኩ የተሠራ ቀለበት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ጎማውን መሐል ላይ የማስቀመጡ ሥራ የዳዶዎቹ ብቻ ይሆናል፣ ትንሽ ዘንበል ብሎ ከታሰረ መሪው ይንቀጠቀጣል። ጎሚስታው ባላንስ ቢሠራላችሁ ቢሠራላችሁ አይለቃችሁም፤ ጥፋቱ የባላንሱ አይደለማ!

ዳዶውም ራሱ ይለያያል። የቶዮታ የብረት ቸርኬ ዳዶ አፉ ሾጣጣ ነው፤ ብዙዎቹ የቶዮታ ፒክአፕ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ደግሞ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ነው የሚፈልጉት። የገበያ ቸርኬ ስትገዙ «የራሱ ዳዶ የታለ?» በሉ። የማይስማማ ዳዶ የጠበቀ ይመስላል፤ ከዚያ ይላላል። አዲስ ቸርኬ ከታሰረም በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድቶ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ኦፍሴት የሚባለው ነው። ቸርኬው ላይ «ኢቲ» ከሚል ጽሑፍ ጎን በሚሊ ሜትር ታገኙታላችሁ። ቸርኬው ሞዞውን የሚነካበት ፊት ከወርዱ መሐል ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። የእኛዋ መኪና ቸርኬ 7 ኢንች ወርድና 30 ኦፍሴት ነው። ወንድሜ የወደደው 8 ኢንችና ዜሮ ነበር። ሒሳቡ ይኼው፦ ቸርኬው በየጎኑ 12.7 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ በዚያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋል። የውጭ ጠርዙ 43 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ማለት ነው። 265ቱ ጎማ ሲታሰርበት ደግሞ የጎማው የውጭ ጎን ከቀድሞው 60 ሚሊ ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ከአውራ ጣት ርዝመት አይተናነስም።

ደረት የሚነፋው ይኼ ነው። ከፋዩ ግን ማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ኩሽኔታው። አንድ ኩንታል ጤፍ ደረታችሁ ላይ ታቅፋችሁ ቁሙ፣ ከዚያ እጃችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ክብደቱ ያው ነው፤ ወገባችሁ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ጎማው ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር ኩሽኔታው፣ ቴስቲናው፣ ብሎኑ የዚያን ወገብ ሥራ ነው የሚሠሩት። መሪውም እያንዳንዷን ጉድጓድ እጃችሁ ላይ ታመጣዋለች። በቸርኬውና በሞዞው መሐል ስፔሰር አስገብቶ ማውጣትም ያው ነው፤ በዚያ ላይ የሚላላ ነገር አንድ ይጨምራል።

ሌላ ማንም የማያየው ቁጥር አለ። ከጎማው መጠን ቀጥሎ እንደ 107፣ 110፣ 111 ያለ ቁጥር ይጻፋል፤ አንዱ ጎማ የሚችለው ጭነት ነው። 107 ማለት 975 ኪሎ፣ 110 ማለት 1060፣ 111 ማለት 1090። የድሮው ጠባቡ 205 ጎማችን 110 ነበር። ወርዱ 245 የሆነ ግን 107 የሚል ጎማ ሶማሌ ተራ ተደርድሮ አይቻለሁ። ሰፊ ነው፣ ያምራል፣ የሚሸከመው ግን ከጠባቡ ያንሳል! ሲጫን አብዛኛው ጤፍ የሚያርፈው የኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች ላይ መሆኑን አትርሱ።

ዕድሜውንም እዩ። «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን ይናገራሉ። «ላስቲኩ እንኳን ያልተነሣ አዲስ ነው» ተብሎ የቀረበልን አንድ ጎማ 1416 ይላል፤ የ2016 እ.ኤ.አ. 14ኛ ሳምንት። ወንድሜ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበር። ጎማ ተቀምጦም ያረጃል። እንዲህ ያለው ጎማ ቦታው በረባሶ ሠሪዎች ጋ ነው፤ እነሱ ቢያንስ የሚጭኑበት እግር ብቻ ነው።

«ታዲያ ሁለት ብቻ ለኋላ እንግዛና ብር ይትረፈን» የሚል ሐሳብም መጥቶ ነበር። ፎር ባይ ፎር ላላት መኪና ይኼ አይሆንም። የፊትና የኋላ ጎማ ቁመት ከተለያየ ፎር ባይ ፎሩ ሲገባ የፊቱና የኋላው እየተጓተቱ ዲፈረንሻሉን ይበሉታል። ስኮርታውም ከአራቱ እኩል መሆን አለበት። እና ሒሳቡ ሁልጊዜ አምስት ጎማ ነው።

ሁለት ቅዳሜ ተከራከርን። በመጨረሻ የተስማማነው 245/70/16 ላይ ነው፣ 111 የሚለው። አባዙት፤ ቁመቱ 749 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ ከድሮው በ1 በመቶ ያህል ብቻ ይበልጣል። ቆጣሪው አልተሳሳተም፣ ፓራፋንጎውም አልተላሰም። ወርዱ ግን በ40 ሚሊ ሜትር ጨምሯል፤ ዓይን ይሞላል። ከሁሉም ደስ ያለኝ፣ ይኼ ጎማ የራሷ የመኪናዋ ባለ 7 ኢንች ቸርኬ ላይ ይገጥማል። ቸርኬው ጥቁር ማት ተቀባ። በተረፈው ብር የፍሬን ሸራና የፊት ኩሽኔታ ተቀየረ። ያንን ማንም አያይለትም፤ ወንድሜም ይኼን እያነሣ እስካሁን ያጉረመርማል። «ኩሽኔታ ፎቶ አይነሣም» ይላል። እውነቱን ነው፣ አይነሣም።

እናንተ ደግሞ የራሳችሁን ቸርኬ ቀይሩ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ብቻ ከቤት ስትወጡ አምስት ነገር በወረቀት ያዙ፦ የብሎን ክቡን፣ የመሐል ቀዳዳውን፣ ኦፍሴቱን፣ የቸርኬውን ወርድ፣ ጎማው የሚችለውን ጭነት። ኦፍሴቱ ከመኪናችሁ ጋር ተቀራራቢ ይሁን። ወርዱም ከጎማው ይስማማ፤ 265/70 ከ7 እስከ 9 ኢንች ነው የሚፈልገው። ሻጩ ወረቀቱን አይቶ «ምን ታደርጊበታለሽ፣ ይገባል አልኩሽ እኮ» ካላችሁ አትቆጡት፤ ሻጭ ነው። «የሚገጥመውን ነው የጠየቅኩህ» በሉትና ቁጥሩን አብራችሁ አንብቡ።