ኳሷ ሁለት ጊዜ ብትነጥርም

የዊልቸር ቴኒስ ከመደበኛው ቴኒስ የሚለይበት ዋና ሕግ አንድ ነው፦ ኳሷ ሁለት ጊዜ መንጠር ትችላለች። መጀመሪያ የምትነጥረው ሜዳው ውስጥ መሆን አለበት፤ ሁለተኛው ከመስመር ውጪ ቢሆንም ችግር የለውም። ሌላው ያው ነው። ሜዳው ያው 23.77 ሜትር፣ መረቡ ያው፣ ኳሱም ራኬቱም ያው። ኮድ ስጽፍ የምውል ሰው ስለሆንኩ ይሄ ነገር ይማርከኛል፤ አንድ መስመር ትቀይራለህ፣ የቀረው ሳይነካ ይሠራል። ጨዋታውን በ1976 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ያስጀመረው በበረዶ ሸርተቴ ተጎድቶ መራመድ ያቃተው አሜሪካዊ ወጣት ብራድ ፓርክስ ነው። በ1992 ባርሴሎና ላይ የፓራሊምፒክ ሜዳሊያ የሚሰጥበት ስፖርት ሆነ።

እኔን ይሄ ሁሉ ውስጥ የከተተኝ የወንድሜ ጥያቄ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከመኪና አደጋ ወዲህ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰዎች ቪዲዮ ይልኩለታል። እግር የሌለው ሰው ተራራ ሲወጣ፣ ከጀርባ ለስለስ ያለ ፒያኖ፣ ከሥር «አንተስ ምን ሰበብ አለህ?» የሚል ጽሑፍ። አይከፍታቸውም። «ይሄ እኮ ለኔ አይደለም የተሠራው፣ እግር ላላቸው ነው» ይላል። ልክ ነው። ስለዚህ የ2024ቱን የፓሪስ ፓራሊምፒክ የወንዶች ነጠላ ፍጻሜ ስከፍት ና እይ አላልኩትም። ራሱ ተጠግቶ ማየት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ራኬቱን ይዞ ጎማውን እንዴት ነው የሚገፋው?» አለኝ።

ራኬቱን አይለቀውም። እጀታውን ከጎማው መግፊያ ቀለበት ጋር አጣብቆ ይገፋል። ወንበሩ ፍሬን የለውም፤ ማቆሙም ማዞሩም በእጅ ነው። ጎማዎቹ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ብለው ያዘነበሉ ናቸው፤ በፍጥነት ሲታጠፍ እንዳይገለበጥ። ከኋላ ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ የምትይዝ ትንሽ ጎማ አለች። ተጫዋቹ በቀበቶ ከወንበሩ ጋር ይታሰራል፣ ወንበሩም እንደ አካሉ ይቆጠራል፤ ኳሷ ወንበሩን ከነካች ነጥቡ ሄደ። ቆሞ መጠበቅ አያዋጣም፤ የቆመ ጎማን ማስነሳት ጊዜ ይበላል። ስለዚህ መትተው ወዲያው ይዞራሉ፣ አንዳንዴ ለመረቡ ጀርባ ሰጥተው፣ ኳሷን በትከሻቸው ላይ አሻግረው እያዩ። ሁለት ጊዜ መንጠሯ ጨዋታውን ያቀልላል የሚል ሰው ካለ፣ ጎበዞቹ ሲችሉ አንዴ እንደነጠረች ነው የሚመቷት። ሁለተኛውን መጠበቅ ማለት ወደ ኋላ መሸሽ ነዋ።

የጃፓኑ ቶኪቶ ኦዳ ከእንግሊዙ አልፊ ሂዌት ነበር የሚጫወቱት። ኦዳ ያኔ ገና 18 ዓመቱ ነው። እግር ኳስ ይጫወት የነበረ ልጅ ሆኖ በ9 ዓመቱ የአጥንት ካንሰር ያዘው፤ የሺንጎ ኩኒዳን የለንደን 2012 ጨዋታ በቪዲዮ አይቶ ወደ ቴኒስ ዞረ። ሦስተኛው ሴት ላይ ሂዌት ወርቁን ለመውሰድ አንዲት ነጥብ ቀርታው ነበር። ድሮፕ ሾት ሞከረ፣ ወጣችበት። ኦዳ 6-2፣ 4-6፣ 7-5 አሸነፈና ቀዩ አፈር ላይ ተጋድሞ የወንበሩን ጎማ ነቀለ።

ወንድሜ አላለቀሰም፣ «ተስፋ አገኘሁ» ምናምንም አላለም። ሂዌትን ሰደበው። «ምን ዓይነት ጅል ነው! እዚህ ሰዓት ላይ ድሮፕ ሾት? ጠበቅ አድርጎ አይመታትም?» የአርሰናልን አጥቂ የሚሰድበው ልክ እንደዚህ ነው። ከአደጋው ወዲህ እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እናያለን። ሆላንዳዊቷ ኤስተር ቨርሂር ከ2003 እስከ 2013 በነጠላ 470 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፋ፣ ሳትሸነፍ ጫማዋን ሰቀለች። ወንድሜ ግን ከ470ው የሚወደው አንዱን ብቻ ነው፤ የ2008ቱን የቤጂንግ ፍጻሜ። የአገሯ ልጅ ኮሪ ሆማን ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀርቷት ነበርና። «የቀረው 469 ይደብራል» ይላል። ኩኒዳም ሁሉን ነገር አሸንፎ ዊምብልደን ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ዊምብልደን ራሱ ለዊልቸር የነጠላ ውድድር የከፈተው በ2016 ነው። ሣር ላይ ጎማ መግፋት መከራ ነው። በ38 ዓመቱ፣ በ2022 ወሰደውና በጥር 2023 አቆመ።

ያናደደን ነገርም አለ። በ2020 ዩኤስ ኦፕን በኮሮና ምክንያት የዊልቸሩን ውድድር ተጫዋቾቹን ሳያማክር ከፕሮግራሙ አወጣው። አውስትራሊያዊው ዲላን አልኮት በአደባባይ ተቃወመ፣ ሌሎቹም ጮኹ፣ ውሳኔው ተቀለበሰ። ወንድሜ ይሄን ካነበበ በኋላ ለሁለት ቀን ሌላ ወሬ አልነበረውም።

«ከአፍሪካስ?» አለኝ አንድ ማታ። ደቡብ አፍሪካዊቷ ክጎታትሶ ሞንትጃኔ በ2023 ከዩኢ ካሚጂ ጋር የፈረንሳይንም የአሜሪካንም ጥንድ ዋንጫ አንስታለች። ከእኛስ? እኛ በፓራሊምፒክ የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘነው በሩጫ ነው፤ ትዕግስት ገዛኸኝ፣ ቶኪዮ ላይ፣ በ1500 ሜትር። ወንድሜ ሩጫ አይወድም። ድሮም አይወድም ነበር።

የኛ ቤት ወንበር ሆስፒታል ውስጥ ሰው ለመግፋት የተሠራ፣ ተጣጣፊ፣ ከባድ ነገር ነው። የቴኒሱ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ ነው የሚሠራው። ያንን ገንዘብ ከየት እንደማመጣ እያሰላሁ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ስሠራ ጠራኝ።

«የበራችን ስፋት ስንት ነው?»

ለካሁት። 70 ሳንቲሜትር። የጎማዎቹን ማዘንበል ጨምሮ ስልኩ ላይ ደመረ፣ ቀነሰ።

«አይገባም» አለ። «ውጪ ነው የሚያድረው።»