አድማጭም አድማጭ ያስፈልገዋል

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ለሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያዎች ቀላል ጥያቄ አቅርቦ ነበር፦ ከምታክሟቸው ሰዎች መካከል እየባሰበት የሚሄደው የትኛው ነው? ታካሚዎቹ 550 ነበሩ። ባለሙያዎቹ 3 ሰዎችን ብቻ ጠቆሙ። በመጨረሻ የባሰባቸው 40 ሆነው ተገኙ፤ ከተጠቆሙት ከ3ቱም ግምቱ የያዘው በአንዱ ብቻ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ግድ የለሾች አልነበሩም። የሚያክሙት ሰው እንዲድን አጥብቀው ይመኙ ነበር፤ ምኞት ደግሞ ዓይንን ይጋርዳል። ከታካሚው ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ብቻውን የማያየው ነገር አለ። የዚህ ሙያ ትምህርት መጀመር ያለበት ከዚህ ነው እላለሁ።

*

በእኛ ዘንድ ነገሩ ይብሳል፤ ይሉኝታ አለብን። በሳምንቱ ተመልሶ የመጣ ሰው «እንዴት ሰነበቱ?» ሲባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሌሊቱን ዓይኑን ሳይከድን አድሮም መልሱ ያው ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሲያዳምጠው የቆየን ሰው «ምንም አልጠቀመኝም» ማለት ነውር ይሆንበታል። አመስግኖ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀራል። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ስህተቱን ብዙ ጊዜ እዚያው ያየዋል። በንግግር የሚያክም ባለሙያ ግን የሚያየው ባዶ ወንበር ነው፤ የቀረው ሰውም ለምን እንደ ቀረ አይናገርም።

*

ለዚህ በርካሽ የሚገኝ መላ አለ። ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድባቴ መጠይቅ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ ወደ አማርኛም ተመልሶ በአገራችን ተጠንቷል። እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ የመሞት ሐሳብን በቀጥታ ይጠይቃል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረችው ሰፊ የንግግር ሕክምና አገልግሎት ታካሚው በየቀጠሮው እንዲህ ያለ መጠይቅ ይሞላል። ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ማንበብ ለማይችልም ሊነበብለት ይችላል። «ደህና ነኝ» ያለው ሰው ለጥያቄው ግን «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ብሎ ሲመልስ፣ ባለሙያው ስለ ሥራው እውነተኛ ወሬ አገኘ ማለት ነው። ያለዚህ ወሬ የሚሠራ ሰው በግምት ይሠራል።

*

«የ20 ዓመት ልምድ አለኝ» የሚለው ቃል ያስከብራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ግን 170 ባለሙያዎችንና ከ6,500 በላይ ታካሚዎቻቸውን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ልምድ ሲጨምር ውጤት በአማካይ እንዳልተሻሻለ፣ እንዲያውም በጥቂቱ እንደቀነሰ አገኘ። ከባለሙያዎቹ መካከል የተሻሻሉም ነበሩ። ዘመን መቁጠር ብቻውን አያስተምርም፤ የሚያስተምረው የሠሩትን ሥራ መልሶ መመርመር ነው።

*

በዚህ ሙያ ውስጥ የዘዴ ክርክር ማለቂያ የለውም። የፍሮይድን ትምህርት፣ ሳይኮአናሊሲስን፣ የተማረው አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከዚያ ወጥቶ፣ ድባቴ የያዘው ሰው ስለ ራሱና ስለ ነገው በሚያስበው ሐሳብ ላይ የሚያተኩር ሕክምና ጀመረ። ካርል ሮጀርስ የባለሙያው ቅንነትና ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል ይበልጣል አለ። ማርሻ ሊነሃን ራሳቸውን ለመግደል ደጋግመው ለሚሞክሩ ሰዎች የራሷን ዘዴ ቀመረች። ሳውል ሮዘንዝዋይግ ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1936፣ የተለያዩት ዘዴዎች የሚፈውሱት በጋራ በያዙት ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ ነበር። ለአንዳንድ ሕመሞች የዘዴው ምርጫ በእርግጥ ወሳኝ ነው፤ ሰውን አስገድዶ ደጋግሞ እጅ የሚያስታጥብ ጭንቀት፣ ከሚፈሩት ነገር ጋር ቀስ በቀስ መጋፈጥን ይፈልጋል። ለድባቴ ግን በደንብ በተፈተሹት ዘዴዎች መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ስለዚህ አምስት ዘዴ በስም ከሚያውቅ ይልቅ አንዱን በሰው ፊት ሠርቶ የታረመ ባለሙያ ይሻለኛል።

*

ሁሉም በሚጣሉበት ሙያ ውስጥ ያልተጣሉበት ነገር መኖሩ ትኩረቴን ይስበዋል። እ.ኤ.አ. በ1920 በርሊን ውስጥ የተከፈተው የሳይኮአናሊሲስ ክሊኒክ ሠልጣኙን ሦስት ነገር ይጠይቀው ነበር፦ ንድፈ ሐሳብ እንዲማር፣ ራሱም እንዲታከም፣ የሚያክማቸውን ሰዎች ጉዳይ በሌላ ባለሙያ ፊት እያቀረበ እንዲሠራ። ከዚያ ወዲህ የመጡት የሕክምና ዘርፎች የመጀመሪያውን ለወጡት፤ ሁለተኛውን ብዙዎቹ ተዉት። ሦስተኛውን፣ ባለሙያዎቹ ሱፐርቪዥን የሚሉትን፣ ግን ሁሉም ይዘውት ቀሩ። ሊነሃን ከዚህም አልፋ ባለሙያዎቹ በየጊዜው ተሰብስበው እርስ በርስ የሚተራረሙበትን ጉባኤ የሕክምናው አንድ ክፍል አድርጋዋለች።

*

ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከታካሚ ጋር ያደረጋቸውን ንግግሮች መቅዳት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1942 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሙሉ ሕክምና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል አተመ። እስከዚያ ድረስ ባለሙያው ስለ ሥራው የሚናገረው በአብዛኛው ከማስታወሻና ከትዝታ ነበር። ታካሚው ፈቅዶ፣ ምስጢሩ ተጠብቆ ድምፅን መቅዳት ዛሬ በስልክ የሚሠራ ነገር ሆኗል። የሚጎድለው የራስን ድምፅ ለሌላ ሰው ለማሰማት ድፍረት ነው።

*

ይህ ድፍረት ለእኛ ባዕድ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ እዚያው ያርመዋል። ሲሰማ ብቻ ኖሮ መምህር የሆነ የለም። የአእምሮ ሕክምና ትምህርታችንም ሥር የያዘው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና ሲጀመር ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየመጡ ለሳምንታት ይቀመጡ፣ ከሠልጣኞቹ ጋርም አብረው ሕመምተኛ ያዩ ነበር። ከዚያ በፊት በዚህ ሙያ ለመሠልጠን ባሕር መሻገር ግድ ነበር።

*

ዚምባብዌ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ምባሬ ሰፈር በ14 አያቶች የጀመረው ሥራ በዓለም ታውቋል። አያቶቹ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ከእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በሐሳብ የተጨነቀውን ያነጋግራሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን አብረው መርጠው መውጫውን አብረው ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት የታካሚዎቹ ጭንቀትና ድባቴ በግልጽ እንደቀነሰ አሳየ። ይህን ታሪክ የሚጠቅሱ ሰዎች «ፍቅር ይበቃል፣ ሥልጠና አያስፈልግም» ለማለት ሲጠቀሙበት እሰማለሁ። ስህተት ነው። ከአያቶቹ ጀርባ የተጻፈ መመሪያ፣ ሥልጠናና የሚከታተላቸው ባለሙያ አለ። ከባድ ነገር ሲገጥማቸው የሚያስረክቡት ሰው አላቸው።

*

ዩጋንዳ ውስጥ በናኪቫሌ የስደተኞች ሰፈር የጀርመኑ የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ስደተኞችን ራሳቸውን አሠልጥነው ነበር። በዚህ ሕክምና የሚታከመው ሰው የሕይወቱን ዘመን በገመድ ይዘረጋል፤ ደግ በሆነለት ዘመን ላይ አበባ፣ በከፋው ላይ ድንጋይ ያኖራል። ከዚያ ከአድማጩ ጋር ሆኖ ሁሉንም ከልደቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት እነዚህ የሠለጠኑ ስደተኞች ከሩዋንዳና ከሶማሊያ የተሰደዱ ወገኖቻቸውን እንደረዱ አሳይቷል። የሙያው ዲግሪ አልነበራቸውም። ግልጽ ዘዴና የሚከታተላቸው ሰው ግን ነበራቸው።

*

«ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ?» ይላሉ አንዲት እናት፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣችውን ባለሙያ። የተማረችበት መጽሐፍ ጥያቄውን ወደ ጠያቂው መልሺ ይላል። «እርስዎስ ምን ይመስልዎታል እማማ?» ትላለች ልጅቱ። እናቲቱ ከሩቅ መጥተው የተነፈጉ ይመስላቸዋል። ሽማግሌ መክሮ፣ የንስሐ አባት መርቶ ባሳደገው ሰው ፊት ዝምታን መቼ መያዝ፣ ቃልን መቼ መስጠት እንደሚገባ የሚያስተምር የውጭ መጽሐፍ የለም። የሚያስተምረው ሁለቱንም ዓለም የሚያውቅ፣ ከልጅቱ አጠገብ የሚቀመጥ መምህር ነው። ልምምዱም ታካሚው በሚናገረው ቋንቋ፣ በአንቱታው ጭምር መሆን አለበት። በእንግሊዝኛ ብቻ የተማረችው ርኅራኄ እማማ ፊት ስትቀርብ አፏ ላይ ይቀራል።

*

በሰሜኑ ጦርነት ዓመታትና ከዚያ ወዲህ የሥነ ልቦና ድጋፍ ሥልጠና በዝቷል። ሠልጣኙ ጥቂት ቀን አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣል፣ አበል ይቀበላል፣ ሰርተፊኬት ይዞ ወደ ወረዳው ይመለሳል። በማግስቱ የተደፈረች ልጅ ከፊቱ ትቀመጣለች። የሰማው ነገር እንቅልፍ ሲነሳው የሚደውልለት ሰው የለውም። ጥቂት ወራት ቆይቶ እንዲህ ያለውን ታሪክ ላለመስማት ጥያቄውን ያሳጥራል፣ ቀጠሮውን ያራርቃል። ይህን ሰው ልቡ ደነደነ ብዬ አልወቅሰውም። ብቻውን ትተነዋል።

*

በየማኅበራዊ ሚዲያው «ወደ እኔ የመጣች አንዲት ልጅ…» እያሉ የታካሚን ታሪክ የሚተርኩ ባለሙያዎች አሉ። ስሟን ቀይሬያለሁ ይላሉ። የሰፈሯ፣ የሥራዋ፣ የትዳሯ ነገር ከተነገረ ግን ጎረቤቷ ያውቃታል። ይህን የሰማ ሌላ የተጨነቀ ሰው በዚያው ቀን ሆዱን ይዘጋል። ምስጢር መጠበቅ በመጀመሪያው ሳምንት ተምረውት የሚታለፍ ምዕራፍ አይደለም፤ ሥራው ራሱ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ከባዱን ጉዳይ ይዞ የሚሄድበት ሱፐርቫይዘር ያለው ሰው ደግሞ ጉዳዩን ወደ አደባባይ አያወጣውም።

*

ገንዘብ ለምትመድቡ፣ ፕሮጀክት ለምትጽፉ ሁሉ የምለው ይህ ነው። የአዳራሹን ኪራይና የአሠልጣኙን ክፍያ ከመጻፋችሁ በፊት፣ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ ሠልጣኞቹን የሚሰማ ባለሙያ ደመወዝ ጻፉ። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ የሠልጣኙን ቁጥር ቀንሱ። መቶ ሰው አሠልጥኖ ከመበተን ሃያ ሰው አሠልጥኖ መከታተል ብዙ ሕይወት ያተርፋል። ሕክምና የምትፈልጉ ሰዎችም ባለሙያውን ስለ ዲግሪው ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ሥራዎን የሚያይልዎ ሰው አለ?» ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።